ብቻውን ያልሆነው ቁጥር

ይህ ታሪክ እውነት ነው።

"ፈጠራ ነው" የሚል ካለ አልጣላውም... ከሌላ ሰው ብሰማው ኖሮ እኔም ስቄ ነበር የማልፈው። ግን የደረሰው በእኔ ነው። በእኔና በአባቴ።

ደግሞ ሌሊት አልነበረም። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል... ፀሐይ የሳሎኑ ወለል ላይ ተዘርግታ፣ ታች መንገዱ ላይ መኪና እየጮኸ፣ ጎረቤት በረንዳዋ ላይ ልብስ እያሰጣች። ይህን የምነግራችሁ "ጨለማው አታሏት ነው" እንዳትሉኝ ነው።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ውሎዬ ሰው መለካት ነው። ግራና ቀኝ አይምታታብኝም... የግራ እጅጌ ቀኝ ላይ የሰፋሁ ቀን ደንበኛዬ ዞሮ አያየኝም።

ቀጭን ነኝ። ምላሴም ትንሽ ይዋጋል ይላሉ። ለዚህ ነው አባባ ከልጅነቴ ጀምሮ "መርፌ" የሚሉኝ። በዚህ ስም የሚጠሩኝ እሳቸው ብቻ ናቸው።

ሌላም አመል አለብኝ። ሥራ ላይ ስሆን ስፒል በጥርሴ ነክሼ ነው የማወራው። ቃሉ በጥርሴ መሃል እየሾለከ ይወጣል። "አንድ ቀን ትውጫታለሽ" እያሉ አባባ ይቆጡኛል።

አባባ ጡረታ የወጡ የሂሳብ መምህር ናቸው። እናቴ ካረፈች በኋላ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ቤቱ ሳሎን፣ መኝታ ቤትና ኩሽና አለው። ከሳሎኑ ጀርባ ደግሞ አንዲት ጠባብ ክፍል... መስኮት የላትም። ውስጧ አንድ ወንበርና አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ብቻ ነው ያለው።

ከጊዜ በኋላ ልባቸው ደከመ። ሐኪሙ ወደ ጎን ወሰድ አድርጎኝ፣

"አባትሽ ደረጃ መውጣት የለባቸውም" አለኝ። "ብቻቸውንም ማደር የለባቸውም። እዚያ ቤት ከቆዩ አንድ ቀን ወድቀው ታገኚያቸዋለሽ።"

ከዚያ ወዲህ ሐሳቤ ሁሉ አንድ ነገር ሆነ። አባባን ከዚያ ቤት አውጥቼ እኔ ጋ ማምጣት።

እሳቸው ግን ንቅንቅ አላሉም።

"ቁጥሩ ሳይካፈል የትም አልሄድም።"

ቁጥሩ...

በአንድ የሂሳብ መጽሔት ላይ ያገኙት ቁጥር ነው። እንዲህ ያለ ቁጥር አይታችሁ አታውቁም። ሲጻፍ የሳሎኑን ግድግዳ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሞላል። አባባና የሥራ ባልደረባቸው በትልቁ ጽፈው ግድግዳው ላይ ለጥፈውት ነበር።

"ቁጥር ሁለት ዓይነት ነው" ብለው አስረድተውኛል፣ ሱሪያቸውን እያሳጠርኩ። "አንዱ ከአንድና ከራሱ በቀር ለማንም አይካፈልም። ብቸኛ ይባላል። ሌላው ግን ውስጡ ሌሎች ቁጥሮች አሉ። እነሱ ተባዝተው ነው የሰሩት።"

"ይኼኛውስ?"

"ብቸኛ አይደለም። ኮምፒውተሩ አንዲት ትንሽ ቁጥር ይዞ ይፈትነዋል። ያቺ ቁጥር ምስክር ትባላለች። ምስክሯ ውስጡ ሌሎች እንዳሉ ትናገራለች። እነማን እንደሆኑ ግን አትናገርም።"

"ምን ዓይነት ምስክር ናት እሷ! ፖሊስ ጣቢያ ብትሄድ ያስሯታል" አልኳቸው።

አባባ ሳቁ። ቀኝ ጉንጫቸው ላይ ስርጉድ አለ። ሲስቁ ሁልጊዜ በቀኝ ብቻ ነው የሚሰረጉደው።

ባልደረባቸውን "ጋሼ ልክ" ነበር የምንላቸው። ምክንያቱ አሠራራቸው ነው።

ሠፈሩ መብራት ይበዛበት ነበር ማለት አይቻልም። ጠፍቶ በመጣ ጊዜ ሁሉ ኮምፒውተሩ እንደ አዲስ ይነሳል። ሁለቱ ሽማግሌዎች ደግሞ ኮምፒውተሩን አያምኑትም። ቁጥሩ እንዳልተበላሸ በጆሯቸው ማረጋገጥ አለባቸው። ጠባቧ ክፍል ለሁለት ስለማትበቃ አባባ ሳሎን ቆመው ከግድግዳው ላይ ሦስት ሦስት አሃዝ ጮክ ብለው ያነባሉ፤ ጋሼ ልክ ውስጥ ተቀምጠው ከስክሪኑ ጋር እያዩ "ልክ" ይላሉ።

ሦስት አሃዝ... ልክ። ሦስት አሃዝ... ልክ።

ይህ ለዓመታት ቀጠለ። ጎረቤት ሁሉ ለምዶት ነበር።

ጋሼ ልክ በዕድሜም በሕመምም ሲያርፉ አባባ ወንበሩን ወሰዱ። ማንበቡ ለእኔ ደረሰኝ። እሁድ እሁድ ስፌቴን ይዤ እሄዳለሁ፤ መብራት ጠፍቶ ከመጣ ቆሜ አነባለሁ። ደስ ብሎኝ አይምሰላችሁ። ቶሎ ይካፈልና ይውጡልኝ ብዬ ነው።

አንድ እሁድ ከምሳ በኋላ...

ስፒሌን እንደነከስኩ ግድግዳው ፊት ቆሜያለሁ። የጠባቧ ክፍል በር ገርበብ ብሏል።

"ሰባት፣ አንድ፣ አራት።"

"ልክ።"

"ዜሮ፣ ሁለት፣ ስድስት።"

"ልክ።"

ግማሹን አለፍኩ። የአባባ ድምፅ ትንሽ የጎረነነ መሰለኝ። ጉንፋን ሊይዛቸው ነው አልኩ በሆዴ።

"ሦስት፣ ሦስት፣ ስምንት።"

"ልክ።"

የኩሽናው በር ተከፈተ።

አባባ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ይዘው ወጡ።

ስፒሉ ከጥርሴ ወደቀ። መሬቱን ሲነካ ድምፁን ሰማሁት።

"አባባ..."

"እሽሽ።"

"እርስዎ እዚህ ከሆኑ... ውስጥ ማን ነው ያለው?"

"ሰማሽው?" አሉኝ በሹክሹክታ። አልፈሩም። እንዲያውም እፎይ ያሉ ይመስላሉ። "እኔ እብደት ጀመረኝ ብዬ ነበር።"

"ጋሼ ልክ ናቸው እንዳይሉኝ ብቻ!"

"መጀመሪያ እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ድምፁ ግን የሱ አይደለም።"

"የማን ነው ታዲያ?"

"ደህና አድርገሽ ስሚው" አሉ። "ታውቂዋለሽ።"

በሩን በእግሬ ገፋሁት። ማንም የለም። ኮምፒውተሩ ይጮኻል፣ ወንበሩ ባዶ ነው። እጄን ወንበሩ ላይ አሳረፍኩ።

ይሞቃል።

"አሁኑኑ እንውጣ" አልኳቸው። አባባ ግን እጄን ይዘው አስቀመጡኝና ለማንም ያልነገሩትን ነገሩኝ።

"መርፌዬ... ያ ቁጥር የመጽሔቱ ቁጥር አይደለም።"

"እንዴት?"

"ስንገለብጥ ተሳስተናል። ሁለት አሃዝ ተቀያይረዋል። ስድስት ሁለት የነበረውን ሁለት ስድስት ብለን ጻፍነው። ገልብጠን ስንጨርስ በዘጠኝ ፈተንነው... አሃዞቹን ሁሉ ትደምሪያለሽ፣ የመጣውን መልሰሽ ትደምሪያለሽ፣ አንድ አሃዝ እስኪቀር። የመጽሔቱ አራት መጣ። የእኛም አራት መጣ። ጨረስን አልን።"

"ታዲያ ልክ ነዋ።"

"ድምር ቦታ አያውቅም፣ ልጄ። ስድስትና ሁለት፣ ሁለትና ስድስት... ለድምር አንድ ናቸው። በአስራ አንድ ብንፈትነው፣ አንዱን እየደመርን ቀጣዩን እየቀነስን፣ ያኔውኑ ይጋለጥ ነበር። ተማሪ ሲሳሳት የምንቆጣ ሰዎች እኛው ሰነፍን።"

"እንግዲያው ይተዉታ! የማይረባ ቁጥር ከሆነ ምን ያደርግልዎታል?"

አባባ ወደ በሩ አዩ።

"እሱንም ፈተንኩት። ምስክሯ ብቻውን አይደለም አለች። ይገባሻል? የማናውቀውን ሰው በር ነው ስናንኳኳ የኖርነው። አሁን ደግሞ... ውስጥ ያለው እየመለሰ ነው።"

ያን ቀን ለመንኳቸው፣ አለቀስኩ፣ ተቆጣሁ። አልሰሙኝም። ወደ መጨረሻው ተቃርቧል፣ ጥቂት ታገሺኝ አሉ። እኔም ታገስኩ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ከዚያ በኋላ ትንንሽ ነገሮች ማየት ጀመርኩ።

ጠዋት ብቅ ስል ሁለት የታጠበ ብርጭቆ ተደፍቶ አገኛለሁ። "እንግዳ ነበር?" ስላቸው "የለም" ይላሉ፣ ዓይኔን ሳያዩ።

የጠባቧ ክፍል በር ሥር ነጠላ ጫማቸው ተቀምጧል... ግራው በቀኝ፣ ቀኙ በግራ። አስተካክዬው እሄዳለሁ። ስመለስ ተቀያይሯል።

አንድ ቀን ጎረቤቷ ደረጃው ላይ አስቆመችኝ።

"አባትሽ ወንድም አላቸው እንዴ?"

"የላቸውም። ምነው?"

"ሁለት ሰው ሲስቅ ይሰማኛል። ሳቁ ግን..." ትከሻዋን ሰበቀች። "አንድ ነው።"

ሐሙስ ዕለት ሱቅ ሆኜ ስልኬ ጮኸ። አባባ ናቸው።

"መርፌዬ... ተካፈለ።"

እልል ልል ነበር። ግን ድምፃቸው ደስተኛ አልነበረም።

"ነይ። ቶሎ ነይ።"

አዲሱን ኮት ይዤ በረርኩ። ከቤት የሚወጡበት ቀን እንዲለብሱት ብዬ የሰፋሁት ነው። አባባ አርባ ዓመት የደብተር ቦርሳ በግራ ተሸክመው የግራ ትከሻቸው ወርዷል። ስለዚህ ኮቶቻቸውን ሁሉ ግራ ትከሻ ላይ ስፖንጅ እጨምርባቸዋለሁ። ሲለብሱት ቀጥ ይላል። ይህን የምናውቀው እኔና እሳቸው ብቻ ነን።

ስደርስ በሩን ከፍተው ይጠብቁኛል። ፊታቸው አመድ መስሏል።

"እዪው።"

ስክሪኑ ላይ ሁለት ረጃጅም ቁጥሮች ተደርድረዋል። እኩል ይረዝማሉ።

"የላይኛውን እንደ ልማድሽ አንብቢ።"

"አንድ፣ ዜሮ፣ ሁለት..."

"የታችኛውን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው።"

በጣቴ ተከተልኩት።

አንድ... ዜሮ... ሁለት...

እስከ ጫፉ ሄድኩ። አንድም አሃዝ አልተሳሳተም። የታችኛው የላይኛው ነበር... ተገልብጦ። በመስታወት እንደሚታይ ሰው።

"አጋጣሚ ነው?" አልኩ በሹክሹክታ።

"ይሆናል። ይኖራሉ እንደዚህ ዓይነት ቁጥሮች።" ላባቸውን ጠረጉ። "ግን መርፌዬ... ፈራሁ። እስከ ዛሬ አልፈራሁም ነበር። ዛሬ ውሰጂኝ።"

ስንት ጊዜ የለመንኩት ቃል! ክንዳቸውን ያዝኩ።

"አንዴ ቆዪ" አሉ።

"አባባ፣ በእግዜር!"

"ሁለቱን አባዝቼ ያው ቁጥር መምጣቱን ሳላረጋግጥ መውጣት አልችልም። ዕድሜ ልኬን ለተማሪ የነገርኩት ነው። መልስ ተባዝቶ ካልተረጋገጠ መልስ አይደለም። ለመጨረሻ ጊዜ አንብቢልኝ። ከዚያ ጎትተሽ ውሰጂኝ።"

ሰዓቱን አየሁ። ስምንት ተኩል። ፀሐይዋ ወለሉ ላይ ነበረች።

እሺ አልኩ። በራሴ አፍ እሺ አልኩ።

ገቡ። በሩ ከኋላቸው ገርበብ አለ።

"ሰባት፣ አንድ፣ አራት።"

"ልክ።" "ልክ።"

ሁለት ድምፅ። አንዱ ከሌላው ጥቂት ቀደም ብሎ... ሁለቱም የአባባ።

ቶሎ ቶሎ አነበብኩ። ካቆምኩ አባባ አይወጡም፣ ከጨረስኩ ይወጣሉ። ሌላ ምንም አላሰብኩም። ቁጥሩ እያለፈ ሲሄድ አንደኛው ድምፅ እየደከመ መጣ። ወደ መጨረሻው ስቃረብ አንድ ብቻ ቀረ። ጥርት ያለ፣ ጠንካራ።

ደስ አለኝ። ሌላው ሄደ አልኩ።

"አራት፣ ዜሮ... ሰባት።"

"ልክ።"

በሩ ተከፈተ። ላባቸው ደርቆ፣ ፊታቸው በርቶ ወጡ።

"እንሂድ፣ ልጄ" አሉኝ።

ቤቱን ቆልፌ እጃቸውን ይዤ ወረድን። ሦስት ፎቅ ወርደን ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ አላለም። ታክሲ ውስጥ ፈገግ ብለው በመስኮት ያያሉ። እኔ የደስታ እንባ ነበር የሚታገለኝ።

ቤቴ ስንደርስ "እስቲ ኮትዎን ይልበሱልኝ" አልኩ። ከኋላ ሆኜ አለበስኳቸው።

አልገጠመም።

የግራው ትከሻ ወደ ላይ ጎበጠ፣ ቀኙ ተንጠለጠለ። በሙያዬ እንዲህ ያለ ኮት ከሱቄ ወጥቶ አያውቅም። ስፖንጁን ተሳስቼ ነው ብዬ ዳበስኩት። በግራ ነው ያለው። ትክክለኛ ቦታው ላይ።

የወረደው ቀኝ ትከሻቸው ነበር።

ቀስ ብዬ ወደ ፊት ዞርኩ። ሸሚዙን አየሁት። ራሴ የሰፋሁት ሸሚዝ ነው፣ ጨርቁንም ክሩንም አውቀዋለሁ። የወንድ ሸሚዝ ቁልፉ በለባሹ ቀኝ በኩል ነው የሚተከለው። የዚህኛው በግራ ነበር... እንደ ሴት ሸሚዝ። የእጅ ሰዓቱም በቀኝ እጅ ላይ ነው፣ ቁጥሮቹ ወደ ኋላ ይዞራሉ።

"አባባ... እኔን... ማን ብለው ነው የሚጠሩኝ?"

"ልጄ ነዋ።"

ሳቀ። ግራ ጉንጩ ላይ ስርጉድ አለ።

እጄን ግራ ደረቱ ላይ አሳረፍኩ። ምንም። ወደ ቀኝ ወሰድኩት... ድም፣ ድም፣ ድም። የጤነኛ ሰው ልብ።

"ምን ጎደለ?" አለኝ ረጋ ብሎ። "ደምሪው። ልክ ይመጣል።"

እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም። አባባ ቤት ስደርስ ገና ፀሐይ አልገባችም። ቆልፌው የሄድኩትን በር ከፈትኩ። መብራት ጠፍቷል። ጠባቧ ክፍል ውስጥ ኮምፒውተሩ ጨልሟል፣ ወንበሩ ባዶ ነው። ግድግዳውን ሁሉ በእጄ ዳበስኩ። ማንም የለም።

ግራ ቢገባኝ ሳሎን ተመልሼ ቁጥሩ ፊት ቆምኩ።

"ሰባት... አንድ... አራት።"

ጆሮዬን ወደ በሩ አዞርኩ።

ከዚያ በጣም ከሩቅ... ከዚያች ባዶ ክፍል...

"ልክ።"

"አባባ!"

"መርፌዬ?" ቃሉ በትንፋሽ ነው የሚወጣው። "መርፌዬ... ማንን ይዘሽ ነው የሄድሽው?"

ቀጣዩን ሦስት አሃዝ አነበብኩ።

ይህ ከሆነ ሰንበትበት ብሏል። ቤቴ ያለው ሰው ይበላል፣ ይተኛል፣ ፈገግ ይላል። ወደዚያ ቤት ልመልሰው ስጎትተው ከመሬት የተሰፋ ይመስል አይነቃነቅም። ሐኪሙ ጋ ወሰድኩት። ደረቱን ራጅ አነሳው፣ ፊልሙን ወደ ብርሃን አንስቶ አየና "ገልብጬ ይዤው ነው" ብሎ ራሱ አዞረው። ከዚያ "አባትሽ ድነዋል፣ ልባቸው የወጣት ነው። እንኳን ደስ አለሽ" አለኝ።

እኔ አባቴን እፈልጋለሁ።

ስለዚህ በየቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ሲሆን ሱቄን ዘግቼ እሄዳለሁ። ቁጥሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነባለሁ። በየሦስት አሃዙ አባባ ይመልሳሉ። ሳነብ ብቻ ነው የማገኛቸው። ሳቆም ምን እንደሚውጣቸው አላውቅም። "አታቁሚ" ይሉኛል፣ "ስታነቢ ትንሽ ብርሃን አለ።" እያደር ድምፃቸው እየራቀ ነው።

የተቀያየሩትን ሁለት አሃዞች አስተካክዬ ለማንበብም ሞክሬያለሁ። ያን ቀን ማንም አልመለሰልኝም። ደንግጬ ወደ ስህተቱ ተመለስኩ።

ትናንት እንደተለመደው ሄድኩ። ፀሐይ ወለሉ ላይ ነበረች። ጎረቤቷ ልብስ ታሰጣ ነበር።

"ሰባት፣ አንድ፣ አራት።"

"ልክ" አሉ አባባ።

"ዜሮ፣ ሁለት፣ ስድስት።"

"ልክ።"

ከሳቸው ቀጥሎ... በጣም ከቅርብ፣ ገርበብ ካለው በር ጀርባ... ሌላ ድምፅ መለሰ። የሴት ድምፅ። ቃሉ በጥርሷ መሃል እየሾለከ፣ ስፒል እንደነከሰች ሴት።

"ልክ።"

ስፒል ነክሼ እንደሆነ አፌን በእጄ ዳበስኩት።

ባዶ ነበር።